ጀምር ሲዞር

ባለፈው ሳምንት ሻርጃ፣ አል መጃዝ፣ ከምኖርበት ፎቅ ሥር ካለው ሻይ ቤት ደጃፍ፣ ከጉልበት የማታልፍ ውሻ ሁለት ሽማግሌዎችን አስደንብራ ሰው አሳቀችብን። ሽማግሌዎቹ እኔና መምህር ነን። መምህር ልጁን ሊጠይቅ ከአገር ቤት መጥቶ አጅማን ሰንብቷል፤ "ሳላይሽ አልመለስም" ብሎኝ በአውቶቡስ ወደ ሻርጃ መጣ፤ እኔም ከራክ የሚሉትን የወተት ሻይ ገዝቼለት መንገድ ዳር ቆመን ስለ ጉልበት ሕመም እናወራለን። አንዲት ወጣት ፀጉሯ የተበጠረ ነጭ ውሻ ይዛ መጣች። ገመዱ ያ አዲሱ ዓይነት ነው፤ ከእጀታው ውስጥ እየተፈታ የሚረዝም፣ ሲፈልጉ ተመልሶ የሚጠቀለል። ውሻዋ ወደ እኛ ስትሮጥ ገመዱም አብሮ ረዘመ። እኔና መምህር እኩል ወደ ኋላ ዘለን ግድግዳው ላይ ተለጠፍን። ሻዬ ጫማዬ ላይ ፈሰሰ። ልጅቷ "ሶሪ፣ አትናከስም" አለችን፤ የሻይ ቤቱ ልጆች በሳቅ ፈረሱ። መምህር ግራ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ትንፋሹን ከሰበሰበ በኋላ፣ "ከድጃ፣ የዚችኛዋ ደግሞ ሬዲየሷ አይታወቅም" አለኝ።

ሳቅኩ፤ ወዲያው እንባዬ መጣ። እርጅና እንዲህ አድርጎኛል፣ ሁለቱን ለይቼ መያዝ አቅቶኛል። የመምህር ቀኝ እጅ እንደ ወትሮው ኪሱ ውስጥ ነበር። ያ እጅ ኪስ ውስጥ የሚኖረው ለምን እንደሆነ አይተን የምናውቅ ሦስት ሰዎች ብቻ ነን፤ እኔ፣ እሱ፣ ኮምቦልቻ ያለችው ታናሽ እህቴ ሰዓዳ። ስለዚያ ነገር ለሰው አውርቼ አላውቅም። ዛሬ ግን ያቺ ነጭ ውሻ ነካክታዋለችና ልናገረው።

ያ ዘመን መቼ እንደነበር በቁጥር አትጠይቁኝ። ሜትሮ አልነበረም። ዛሬ ሽቅብ ሲያዩአቸው አንገት የሚያሳምሙት የአል መጃዝ ፎቆች ገና ጥቂት ነበሩ። ዱባይ ክሪክን አብራ በምትባለው ማሻገሪያ ጀልባ ለመሻገር የኪስ ሳንቲም ይበቃ ነበር፤ እግራችንን ወደ ውኃው አንጠልጥለን፣ የጀልባው ጭስ ሻርፓችን ላይ እየተለጠፈ፣ ወደ ዴራ እንሻገራለን። እዚያ ዳር ወደ በርበራና ወደ ቦሳሶ የሚሄዱት የእንጨት መርከቦች ፍሪጅ፣ ፍራሽና ያገለገለ ጎማ ሲጭኑ ቆሞ ማየት በራሱ መዝናኛ ነበር። ሻወርማ በሁለት ድርሃም ይበላል። ናይፍ ገበያ እጅጌዋ ላይ የወርቅ ክር ጥልፍ ያላት አረንጓዴ ጀለቢያ ገዝቼ፣ ለዒድ ብቻ ብዬ በላስቲክ ጠቅልዬ አስቀምጬ ነበር። ሰዓዳ ደግሞ የአገር ቤት መንዙማ የተቀዳበት ካሴት ነበራት፤ የካሴቱ ክር ሲላላ እርሳስ ከትታ እያዞረች ታጠነክረዋለች። ዛሬ ይህን ለጎረቤቶቼ ልጆች ስነግር እርሳስና ካሴት ምን አገናኛቸው ይሉኛል።

እኔ ያኔ አጅማን፣ አል ጁርፍ ውስጥ፣ አሮጌ ብረት ከሚቆረጥበትና ከሚበየድበት አንድ ግቢ ምግብ አብሳይ ነበርኩ። ከማዳም ቤት ወጥቼ ነጻ ሹግል፣ ነጻ ሥራ፣ አገኘሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር የገባሁት። ግቢውን የሚያዝዘው ሰውዬ የየት አገር ሰው እንደነበር ዛሬም አላውቅም፤ ዐረብኛው የዐረብ አልነበረም። እኛ አቡ ሲልሲላ እንለው ነበር፣ የሰንሰለት አባት ማለት ነው። ሲደበድብ በሰንሰለት ነው የሚደበድበው። አንድ የባንግላዴሽ ቀለም ቀቢ ሳያስፈቅድ ወጥቶ ሲመለስ፣ እጁ ላይ ሁለት ዙር የጠቀለላትን ሰንሰለት አፉ ላይ አሳረፈበት፤ ጥርሱን ከአሸዋው ላይ የለቀምኩለት እኔ ነኝ። ከመደብደቡ በፊት የመኪናውን ካሴት ከፍ የማድረግ ልማድ ነበረው፣ አንድ ለስላሳ የዐረብ የፍቅር ዘፈን ነው። ያ ዘፈን ዛሬም ታክሲ ውስጥ ሲገጥመኝ አስቁሜ እወርዳለሁ።

ውሻም ነበረው። ጥቁር፣ ራሱ ድስት የሚያክል፣ አንድ ጆሮው የተቀደደ። እያስራበ፣ በብረት ቱቦ እየደበደበ ነበር ያሳደገው። አንድ ድመት ተሳስታ ስትገባ ምን እንዳደረጋት ያየሁ ቀን ምሳ አልሠራሁም። የውሻው ስም ጀምር ነበር፤ በእነሱ ቋንቋ ፍም ማለት ነው አሉ። ለእኛ ጆሮ ግን ጀምር ማለት ጀምር ነው። ሰውዬው ጣቱን ወደ ሰው ቀስሮ "ጀምር!" ሲል፣ ውሻው ይነሣል፤ እኛ ሐበሾቹ ደግሞ ጥርስ ሥራውን እንዲጀምር የታዘዘ ይመስለን ነበር። በጊዜው ሳቅንበት እንኳ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ነገር ያስቃል።

መምህር ከዚያ ግቢ የብየዳ ረዳት ነበር። ስሙ ታሪኩ ነው፤ ሆሳዕና አካባቢ ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ሲያስተምር ኖሮ እንደሁላችንም በኤጀንሲ ተታሎ የመጣ፣ ቀጭን፣ ቁመቱ በር የሚያስጎነብሰው ሰው። ጴንጤ ነው። ዓርብ ዓርብ ወገኖቹ ሻርጃ በተከራዩት አዳራሽ ሲዘምሩ እሱ እንዳይሄድ ስለተከለከለ ወርክሾፑ ውስጥ ብቻውን ይዘምር ነበር፤ ድምፁ ደግሞ ለዜማ አልተፈጠረም። ከወሎ የመጣሁ ሙስሊም ነኝና መዝሙሩን ባላውቀውም ሲያበላሸው ይገባኝ ነበር። እሱ "እህቴ" ይለኛል፣ እኔ "መምህር" እለዋለሁ፤ እስከ ዛሬም እንዲሁ ነን።

ግቢው ውስጥ ምን እየሆነ እንዳለ በቁጥር ያስረዳኝ እሱ ነው። ጀምር መጀመሪያ የታሰረው ከግቢው ጥግ፣ ሁለት ግድግዳ ከሚገናኝበት ነበር፤ ሰንሰለቱም አራት ሜትር። ያኔ ዞር ብለን እናልፈው ነበር። ቀለም ቀቢው ከተደበደበ በኋላ ሰውዬው ውሻውን ከጥግ አንሥቶ የግድግዳው መሀል ላይ አሰረው። አንድ ሌላ ሠራተኛ ሲጠፋበት ደግሞ ግቢው መካከል፣ ድሮ የውኃ ታንከር ተሸክሞ የነበረ ክብ የብረት ምሰሶ ላይ አዛወረው። የመጨረሻዋን ቀለበት ከምሰሶው ጋር የበየደው መምህር ራሱ ነው፤ ሰውዬው አዝዞት።

ያን ቀን ወጥ ቤቴ ደጃፍ ቁጭ ብሎ፣ "ሰንሰለቱ እኮ ያው ነው፣ አልረዘመም" አለኝ። "ያደገው ማዕዘኑ ነው። ጥግ ላይ ሳለ የክቡን ሩብ ነበር የያዘው፣ አሥራ ሁለት ካሬ ተኩል ገደማ። ግድግዳው መሀል ግማሽ ሆነ፣ ሃያ አምስት። አሁን ሙሉ ክብ ነው፣ ሃምሳ።"

"ካሬውን ተወውና ንገረኝ፣ የኛ የቱ ነው?" አልኩት።

"የተረፈው" አለኝ።

ከዚያ እህቴ መጣች። ሰዓዳ ከአሠሪዎቿ ቤት በተወረወረባት የፈላ ውኃ አንገቷ ተቃጥሎ ሸሽታ ነው የመጣችብኝ። አቡ ሲልሲላ "ትቀመጥ፣ ማፊ ሙሽኪላ" አለ፣ ችግር የለም ማለቱ ነው፤ አመሰገንኩት፣ ምን ላድርግ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አንድ ጠዋት ጠራኝና፣ ቅዳሜ አንድ ሰው መጥቶ እንደሚወስዳት፣ ከሰውዬው ጋር ተነጋግሮ እንደጨረሰ፣ ጥሩ ቤት እንደሆነ ነገረኝ። ምን ዓይነት ቤት እንደሆነ ፊቱ ላይ አነበብኩት። አትሄድም አልኩ። ዘፈኑን ከፍ አደረገው። በውኃ ጎማ ነው የደበደበኝ፣ ለኔ ሰንሰለት አላወጣም፤ ምግብ አብሳይ ቶሎ አይገኝም። ሰዓዳ ልታስጥለኝ ስትመጣ ግን በጫማው ሆዷን አላት። "ኸላስ" ብሎ ላቡን ጠረገ። በዚያው ቀን መምህርን ጠርቶ የጀምር ሰንሰለት ላይ ሌላ አራት ሜትር አስቀጠለበት።

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። እኔ በእጥፍ ቢረዝም ቦታውም እጥፍ ይሆናል ብዬ ነበር። መምህር ራሱን ነቀነቀ፤ "ክብ እንደዚያ አይደለም እህቴ። ሬዲየሱን እጥፍ ስታደርጊው ስፋቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ሁለት መቶ ካሬ ደረሰ።" ከግቢው ከግማሽ በላይ የጀምር ሆነ ማለት ነው። ውሻው ሲሮጥ ሰንሰለቱ አሸዋውን እየጠረገ ክቡን በኮምፓስ እንደተሠራ አስምሮት ነበር። የወጥ ቤቴና የወርክሾፑ ደፍ ከመስመሩ ውጭ ቀሩ። የግቢው መውጫና እኔና ሰዓዳ የምናድርባት ክፍል በር ግን ውስጥ ገቡ። ሰውዬው ግቢ ውስጥ ሲሆን ሰንሰለቱን በመንጠቆ ያሳጥረዋል፣ ሰው ይገባል ይወጣል። ሲሄድ ይለቀዋል። ቁልፍ አያስፈልገውም፤ ውሻው ነው ቁልፉ። ሰዓዳ ቅዳሜ እስኪደርስ በሯ ተዘግቶባት ተቀመጠች፤ ምግቧን ሰውዬው ሲመለስ ነው የማደርስላት።

መላው የመጣው ከራሱ ከውሻው ነው። ጀምር አንዳንዴ ምሰሶውን እየዞረ ይጠቀለልና አንገቱ ታንቆ ይጮህ ነበር። ሐሙስ ዕለት መምህር ይህን ሲያይ ቆየና ወጥ ቤት መጥቶ የድስት ክዳን ለምኖኝ ፊቴ አስቀመጠ። ክር አምጪ አለኝ። ክሩን በክዳኑ ዙሪያ አዞርነው፣ ከዚያ ቀጥ አድርገን በክዳኑ ወርድ ለካነው። ሦስት ጊዜ ወርዱን አክሎ ትንሽ ተረፈው። በትልቁ ድስት ደገምነው፣ በሻይ ብርጭቆ ደገምነው፤ ያው ሦስት ከትንሽ ነው። ዕድሜዬን ሁሉ ድስት ሳጥብ ይህን አለማየቴ አናደደኝ።

"ምሰሶው ወርዱ ሠላሳ ሁለት ሳንቲ ሜትር ነው፣ ስበይደው ለክቼዋለሁ" አለኝ። "ስለዚህ ዙሪያው አንድ ሜትር። ውሻው አንዴ በዞረው ቁጥር ምሰሶው ከሰንሰለቱ አንድ ሜትር ይበላል። ከሰዓዳ በር እስከ መውጫው ያለው መንገድ ከምሰሶው አምስት ሜትር ይርቃል። አራት ጊዜ ከዞረ አራት ሜትር ይቀረዋል፣ አይደርስባትም።"

"ማን ነው የሚያዞረው?"

"እኛ ሦስታችን። ክቡን ለሦስት እንቆርጠዋለን።"

ወጥ ቤቴ፣ ወርክሾፑና የሰዓዳ ክፍል ምሰሶውን በሦስት በኩል ከበውት ነበር። እኔ ድስት ስመታ ውሻው ወደኔ ይሮጣል፤ ስተው መምህር ብረት ይመታል፣ ወደሱ ይዞራል፤ እሱ ሲተው ሰዓዳ በሯን ትደበድባለች። ከዚያ እንደገና እኔ። እንዲህ እያልን በየቁራጫችን እየተቀባበልን እናዞረዋለን። ሰዓዳ ከተዘጋ በር ኋላ ስለሆነች ምንም አታይም። ስለዚህ ውሻው አንድ ሙሉ ዙር በጨረሰ ቁጥር እኔ "ዞረ!" ብዬ እጮሃለሁ፤ አራተኛውን ስትሰማ ወጥታ ትሮጣለች። ቃሉን የመረጠው መምህር ነው። እንዴት ጥሩ ቃል መስሎን ነበር።

ዓርብ ቀትር ላይ አቡ ሲልሲላ ሙስሊሞቹን ሠራተኞች ፒካፑ ላይ ጭኖ ለጁምዓ ሄደ። እሱም ይሰግድ ነበር፣ አላህ ይፍረደው። ሰማዩ ነጭ ሆኖ፣ ብረቱ ሁሉ እጅ ይልጥ ነበር። አዛኑ ሲያበቃ ድስቴን በእንጨት ማማሰያ መታሁት። ጀምር ከጥላው ፈንጥሮ መጣ፤ መስመሩ ላይ ሲደርስ ሰንሰለቱ አንገቱን መለሰው፣ አረፋው ቀሚሴ ላይ ተረጨ። ተውኩት። መምህር በመዶሻ ብረት ደበደበ። ዞሮ ሄደ። ሰዓዳ በሯን ደበደበች። ወደሷ ሄዶ በሩን በጥፍሩ ቧጨረው፤ እሷ ከውስጥ ስትጮህ ሰማኋት፣ ግን አላቆመችም። እንደገና ድስቴን መታሁና ሲመጣ "ዞረ!" አልኩ።

ሁለተኛው ዙር ላይ በሩ አልደረሰም። ሦስተኛው ላይ እኔ ጋ ሲመጣ ከመስመሩ ብዙ ርቆ ቀረ፤ ክቡ ዓይናችን እያየ ሲጠብ ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። "ዞረ!" አልኩ፣ ሦስተኛዬን። መምህር ከወዲያ እየሳቀ ነበር፤ ብረቱን መታ። ጀምር ወደሱ መሄድ ጀመረና መሀል ላይ ቆመ። ሰንሰለቱ አጥሮ አንገቱን ሲያንቀው ጊዜ ፊቱን ወደ ኋላ መለሰ፤ በመጣበት መንገድ ተመልሶ መሮጥ ጀመረ። የተጠቀለለው ይፈታ ጀመር። ምን ልል እንደምችል ዛሬ ስንት ዓይነት ቃል ይመጣልኛል፤ ተመለሰ፣ ተፈታ፣ አትውጪ። ያኔ የመጣልኝ አንድ ነው። በድንጋጤ፣ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ፣ "ዞረ!" አልኩ። ዞረብን ማለቴ ነው።

ሰዓዳ አራተኛውን ሰማች። በሩን ከፍታ ወጣች።

መሀል መንገድ ላይ ነው ያገኛት። ከባቷ ይዞ ሲያዞራት መሬት ላይ ተፈጠፈጠች፤ ራሱን እያወናጨፈ ወደ ምሰሶው ጎተታት። ሥጋ ሲቀደድ ድምፅ አለው፤ ያንን ድምፅ የሰማ ሰው ሉካንዳ ቤት መግባት ይከብደዋል። እኔ በእጄ ማማሰያ ይዤ ሮጥኩ። መምህር ቀደመኝ። በመዶሻው ጀርባውን መታው፣ ውሻው አልተወም። ደግሞ መታው፣ መዶሻው ከእጁ አመለጠ። ከዚያ "ጀምር!" ብሎ ጮኸ፤ ውሻውን ይጥራ ራሱን ይዘዝ ዛሬም አላውቅም። ጀምር ስሙን ሰምቶ ቀና ሲል፣ መምህር ቀኝ ክንዱን አፉ ውስጥ ከተተለት።

ሰዓዳን በብብቷ ይዤ ወደ መውጫው ጎተትኳት። ዞር ስል ያየሁትን እስክሞት አልረሳውም። መምህር ይሮጣል። ውሻው ክንዱ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ደሙ እጅጌውን አልፎ አሸዋው ላይ እየተንጠባጠበ፣ ምሰሶውን እየዞረ ይሮጣል። ሰንሰለቱን መልሶ እየጠቀለለው ነው። በዚያ ለዜማ ባልተፈጠረ ድምፁ "አንድ!" ይላል፤ ዙሩን ሲጨርስ ደግሞ "ሁለት!"። ውሻው እያጉረመረመ ይቆረጥመዋል፣ አጥንቱ ሲሰበር ከመውጫው ሆኜ ሰማሁት፤ መምህር ወደቀ፣ በጉልበቱ ሆኖ ዞረ። ጀምርና ምሰሶው ሊገናኙ ሲደርሱ ሰንሰለቱ ውሻውን አንቆት መንጋጋው ላላ። መምህር ክንዱን መንጭቆ አወጣ። የቀረውን ክንድ ነው የምለው። እየዳኸ መጣና "በሩን ክፈቺ እህቴ፣ ያላ" አለኝ፣ ሻይ አምጪ እንደሚል ሰው ቀስ ብሎ።

የጭነት መኪና የሚነዳ አንድ የፓኪስታን ፓታን አነሣን፤ መቀመጫው በደም ሲበላሽ አንድ ቃል አልተናገረም። ሐኪም ቤት አደረሰን። እኔ ልብሴ፣ እጄ፣ ፊቴ ሁሉ የውሻ ምራቅና ደም ነበር። ሁለቱን አስገብቼ ውጭ ወጣሁ፣ ከቧንቧው ዳር ተንበርክኬ ሰባት ጊዜ ታጠብኩ፣ አንዱን በአፈር፤ ሃይማኖቴ እንደሚያዘው። እያለቀስኩ ስለነበር ቆጠራው ተምታታብኝና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ብዙ ቆየሁ። ውሻውን አቡ ሲልሲላ በዚያው ቀን በብረት ቱቦ ደብድቦ ገደለው አሉ። ማንም አያምነኝም፣ እኔ ለውሻውም አልቅሻለሁ። እሱም የኖረው እዚያ ክብ ውስጥ ነው። ሰውዬው ደግሞ ከአገር ጠፋ እንጂ ተጠየቀ ሲባል አልሰማሁም።

ሰዓዳ በዓመቷ አገሯ ገባች። ባቷ ጎድጉዶ ቀርቷል፣ በብርድ ታነክሳለች፤ አግብታ አራት ወልዳለች። መምህር ቀኝ እጁ እርሳስ መጨበጥ እምቢ አለው፤ አገሩ ገብቶ በግራ እጁ መጻፍ ተምሮ እስከ ጡረታ አስተማረ። እኔ እዚሁ ቀረሁ። ከመምህር ጋር በስልክ በተገናኘን ቁጥር ያንን ቃል አንሥተን እንጣላለን። "ዞረ ማለት ዞረ ነው" ይለኛል። "ፊቱን ያዞረም ዞረ ነው" እለዋለሁ። "ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?" ሲለኝ፣ "የአማርኛ" እላለሁ፤ ዛሬም አቋሜ ይኸው ነው። ግን አንድ ነገር ሲያንገበግበኝ ኖሯል። ሰዓዳ አንድ ቀን እንኳ "እታለም፣ ለምን ጠራሽኝ?" ብላ ጠይቃኝ አታውቅም። ዝምታዋን እንደ ቂም ነበር የምቆጥረው። በደወልኩላት ቁጥር ጥያቄው ዛሬ ይመጣል እያልኩ ቶሎ እሰናበታት ነበር።

እንግዲህ ባለፈው ሳምንት፣ ነጯ ውሻ ከሄደች በኋላ፣ መምህር አብሮኝ እያለ ለምን አንደውልላትም ብዬ በቪዲዮ ደወልኩ። ሰዓዳ ስልኩ ላይ ጥርሷ ብቻ ሆነች።

"መምህር! ደኅና ኖት? ሸበቱ እኮ" አለች።

"አንቺም አልቀረልሽም" አላት።

"ልጆቼ ስለርስዎ ሲጠይቁኝ ክንዱን ሰጥቶ ያዳነኝ ሰው ነው እላቸዋለሁ። ቀጥዬ ደግሞ ሒሳብ ግን አይችልም እላቸዋለሁ" አለችና በሳቅ ፈነዳች። "አሁንስ ክብ ማስላት ቻሉ ወይ?"

"የት ይቻላል" አለ መምህር፣ አንገቱን ደፍቶ እየሳቀ።

እኔ ነገሩ አልገባኝም። ስልኩ ሲዘጋ፣ "ምን ማለቷ ነው?" አልኩት። በቀልድ ሊያልፈው ሞከረ። ያዝኩት፣ አልለቀቅኩትም፤ እኔ ስይዝ አውቅበታለሁ።

"ያን ቀን ሐኪም ቤት፣ አንቺ ውጭ ስትታጠቢ ጠየቀችኝ" አለኝ በመጨረሻ። "'አራተኛውን ዞረ ስትል ነው የወጣሁት፣ ታዲያ እንዴት ደረሰብኝ?' አለች። እኔም 'እህትሽ ልክ ነች፣ አራት ጊዜ ዞሯል፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ የምሰሶውን ዙሪያ አሳስቼ አስልቼ ነው፣ አምስት ነበር የሚያስፈልገው' አልኳት።"

"ስሌትህ እኮ ልክ ነበር!"

"ልክ ነበር።"

"ሒሳብ አስተማሪ ሆነህ፣ የሰዓዳ ልጆች ክብ አያውቅም እያሉ ሲስቁብህ!"

"ይሳቁ። ገና ልጅ ነበረች ከድጃ፣ እግሯ ተሰፍቶ ተኝታ። እህቴ ናት ያስነከሰችኝ ብላ ከምታድር ሒሳብን ብትጠላ አይሻልም?"

ስልኩን አነሣሁ፣ አሁኑኑ ደውዬ እነግራታለሁ አልኩ። ግራ እጁን ስልኩ ላይ ጫነብኝና፣ "ተዪው፣ ለምዳዋለች" አለኝ። ምን ልበለው? ሰደብኩት። አንተ ውሸታም አልኩት፣ ጴንጤ ይዋሻል እንዴ አልኩት፣ እንባዬ ሻርፔን እስኪያበሰብሰው ሰደብኩት። ያ ሁሉ ዓመት ቂም ነው ያልኩት ዝምታ ቂም አልነበረም። ልጅቷ የምትጠይቀኝ ነገር ስላልነበራት ነው።

አውቶቡሱ እንዳያመልጠው ተሰናበተኝ። ሻይ ቤቱ ደጃፍ ቆሜ ሲሄድ አየሁት፤ ቀጭኑ ጀርባው ጎብጧል፣ ቀኝ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው። መኪናው የሚዞርበት አደባባይ ጋ ሲደርስ ዞረ። ያንን እጁን ከኪሱ አወጣና፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ከፍ አድርጎ አነሣልኝ።